የሸካራ ነገር ጂኦሜትሪ፤ የሊቁ ማንዴልብሮት ሕይወትና የዓባይ ጎርፍ

ከወልቂጤ ተነሥቶ ቡታጅራ ለመድረስ ስንት ኪሎ ሜትር መጓዝ ያስፈልጋል? ጥያቄው ለማንም ቀላል ይመስላል። ሁለቱን ከተሞች በካርታ ላይ ፈልጎ ማስመሪያ ያሳረፈ ሰው ወደ 65 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ልክ ያገኛል። ይህ የአሞራ መንገድ ነው። በመካከላቸው ግን ከፍታው ከ3,600 ሜትር የሚበልጠው የጉራጌ ተራራ ተጋድሞ ይገኛልና፥ በእግሩ የሚሄድ መንገደኛ ሸንተረሩን ሲዞር፥ ገደሉን ሲሸሽ፥ ወንዙን በመልካው ሲሻገር የሚረግጠው መሬት ከዚህ እጅግ የበዛ ነው። ከመንገደኛው በኋላ የምትከተል ፍየል ቋጥኙን ሁሉ ስለምትወጣና ስለምትወርድ መንገዷ ከእርሱ ይረዝማል፤ በዚያው መሥመር የምትሄድ ጉንዳን ደግሞ በእያንዳንዱ ጠጠር ላይ ስለምትወጣ የእርሷ ርቀት ከፍየሏም ይበልጣል። እንግዲህ እውነተኛው ርቀት የማንኛቸው ነው? የአራቱም እውነት ነው ብንል አንባቢ ልናፌዝበት የተነሣን ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን በ20ኛው ምዕት ዓመት ከታዩት የሒሳብ ሊቃውንት አንዱ ስሙን ያስጠራው ይህንኑ የሚመስል ጥያቄ አንሥቶ በቁም ነገር በመመርመሩ ነው። የእርሱን ታሪክ ለመጻፍ ያነሣሣንም፥ ምርምሩ እስከ ዓባይ ወንዝና እስከ አገራችን ዝናብ ድረስ የሚደርስ ሆኖ ስላገኘነው ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

የጉራጌ ተራራ ውሃን ለሁለት የሚከፍል ተራራ ነው። የምዕራቡ ወገን ውሃ በዋቤ በኩል ወደ ጊቤ፥ ከዚያም ወደ ኦሞ ይወርዳል፤ የምሥራቁ ወገን በመቂ ወንዝ አድርጎ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። የእነዚህን ወንዞች ሥዕል በካርታ ላይ የተመለከተ ሰው አንድ የሚያስደንቅ ነገር ያያል። ትልቁ ወንዝ ከገባሮቹ ተሰብስቦ እንደ ቆመ፥ እያንዳንዱ ገባርም ከጅረቶች፥ እያንዳንዱ ጅረትም ከምንጮችና ከፈሰሶች ተሰብስቧል። ከካርታው ጥቂቱን ክፍል ቆርጠው፥ አጉልተው፥ ስሙን ሸፍነው ቢያሳዩን፥ የምናየው ታላቁ ወንዝ ይሁን ታናሹ ጅረት ለመለየት ያስቸግረናል። የትልቁ መልክ በትንሹ ውስጥ ይደገማልና።

በትምህርት ቤት የተማርነው ጂኦሜትሪ ስለዚህ ነገር ያለው ቃል ጥቂት ነው። ዩክሊድ ያቆመው ጥበብ ለቤት ምሰሶ፥ ለእርሻ ወሰንና ለድልድይ ሥራ እጅግ የታመነ ሆኖ ሁለት ሺህ ዓመት አልፎ አገልግሏል። ነገር ግን ቅርፊቱ የሻከረ፥ ዳርቻው የተበጣጠሰ፥ ቅርንጫፉ የበዛ ነገር ሲገጥመው ዝም ይላል፤ ወይም ሸካራነቱን እንደ ጉድለት ቈጥሮ ያልፈዋል። ቤንዋ ማንዴልብሮት የተባለው ሊቅ ሸካራነቱ ራሱ ሊለካ የሚገባው ነገር ነው ብሎ ተነሣ።

ጥያቄውን ግን ከባዶ አላመጣውም። ከእርሱ በፊት ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን የሚባል እንግሊዛዊ ነበረ፤ በ1881 ተወልዶ በ1953 የሞተ፥ ጦርነትን የሚጸየፈው የኩዌከር ሃይማኖት ተከታይ፥ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጠመንጃ አልይዝም ብሎ በፈረንሳይ ግንባር የቁስለኞች መኪና ይነዳ የነበረ ሰው ነው። ሪቻርድሰን የጦርነትን ምክንያት በቁጥር ለመመርመር አሰበ። ሁለት መንግሥታት የሚዋሰኑበት ድንበር በረዘመ ቁጥር ይዋጉ ይሆን? ይህን ለመፈተን የድንበሮችን ርዝመት ከመዝገብ መሰብሰብ ሲጀምር መዝገቦቹ ሳይስማሙ ቀሩበት። የእስፓኝና የፖርቱጋል ድንበር በአንዱ 987 ኪሎ ሜትር፥ በሌላው 1,214 ኪሎ ሜትር ተብሎ ተጽፏል፤ የኔዘርላንድስና የቤልጂግም እንዲሁ 380 እና 449 ነበረ። ትንሹ አገር ድንበሩን በአጭር ማስመሪያ፥ ትልቁ አገር በረጅም ማስመሪያ ለክቶት ይሆናል የሚል ግምት ተሰጠ። ሪቻርድሰን ነገሩን በጥንቃቄ ሲያጠና ማስመሪያው ባጠረ ቁጥር የሚገኘው ርዝመት ያለ ማቋረጥ እየጨመረ እንደሚሄድ፥ የሚጨምረውም በተወሰነ ሥርዓት እንደ ሆነ አገኘ። ጽሑፉ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1961 ነው፤ ያነበበውም ጥቂት ሰው ነበረ። ከጥቂቶቹ አንዱ ማንዴልብሮት ሆነና በ1967 “ሳይንስ” በተባለው መጽሔት የብሪታንያ የባሕር ዳርቻ ርዝመት ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ አጭር ጽሑፍ አወጣ። መልሱም፥ ርዝመቱ በማስመሪያው የሚወሰን ስለ ሆነ ስለ ርዝመት መጠየቁን ትተን ስለ ሸካራነቱ ልክ እንጠይቅ የሚል ነበረ። ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ ላለው መንገድም ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

ማንዴልብሮት በኅዳር ወር 1924 በፖላንድ ዋና ከተማ በዋርሶ ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለደ። አባቱ በልብስ ንግድ የሚተዳደር፥ እናቱ የጥርስ ሐኪም ነበረች። በአገሩ በአይሁድ ላይ የተነሣው ጥላቻ ወደ ምን እንደሚያደርስ የተረዱት ወላጆቹ በ1936 ወደ ፓሪስ ይዘውት ሄዱ። በዚያ አጎቱ ሾሌም ማንዴልብሮይት ስመ ጥር የሒሳብ ሊቅ ነበረና በ1938 በኮሌዥ ደ ፍራንስ የመምህርነት ወንበር ተሰጠው። ከሁለት ዓመት በኋላ ጀርመኖች ፈረንሳይን ሲይዙ ቤተ ሰቡ ቱል ወደምትባል የደቡብ ምዕራብ ከተማ ሸሸ። ወጣቱም በጦርነቱ ዓመታት ከስፍራ ወደ ስፍራ እየተዘዋወረ፥ ትምህርቱን አንድ ጊዜ እየተወ አንድ ጊዜ እየጀመረ፥ እንያዝ ይሆን በሚል ፍርሃት ኖረ። እንዲህ ያለው ትምህርት ጕድለቱ ብዙ ነው፤ ነገር ግን በ1944 በሊዮን ከተማ ለከፍተኛ ትምህርት ፈተና በሚሰናዱ ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ሲገባ አንድ ያልታወቀለት ስጦታ ተገለጠ። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የፊደልና የቁጥር ሐተታ ሲጽፍ፥ እርሱ በዐይነ ልቡናው የሚታየው ቅርፅ ነበረ። ጓደኞቹ በብዙ መሥመር አስልተው የሚደርሱበትን ውጤት እርሱ ሥዕሉን አይቶ ይናገር ነበር።

ጦርነቱ ሲያልቅ በፈረንሳይ ከሁሉ የሚከበሩትን ሁለት ትምህርት ቤቶች ፈተና አለፈ። ወደ ኤኮል ኖርማል ገብቶ ወዲያው ተወውና ኤኮል ፖሊቴክኒክ ገባ። ምክንያቱን ማስረዳት ያስፈልጋል። በዚያን ዘመን በፈረንሳይ ሒሳብ ላይ የሠለጠነው ቡርባኪ የተባለው የወጣት ሊቃውንት ማኅበር ነበረ፤ እነርሱም ሥዕልን ከሒሳብ አርቀው፥ ሁሉን በጥብቅ ሐተታ ብቻ የሚያቆሙ ነበሩ። ቅርፅን አይቶ የሚያስብ ወጣት በዚያ ቤት እንግዳ መሆኑ አይቀርም። በፖሊቴክኒክ እስከ 1947 ከተማረ በኋላ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም የአየር በረራ ሳይንስ አጠና፤ ከዚያም ተመልሶ በ1952 ከፓሪስ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ።

ስለዚሁ የዶክተርነት ጽሑፍ የሚነገር ነገር አለ። አጎቱን ጠይቆ ሲመለስ፥ በባቡር ላይ የማነበው ስጠኝ ቢለው፥ አጎቱ ከቈሻሻ ቅርጫት ውስጥ አንድ ወረቀት አንሥቶ ይኸውልህ አለው። ወረቀቱ ዚፍ የሚባል አሜሪካዊ ስለ ቃላት ድግግሞሽ የጻፈውን መጽሐፍ የሚተች ነበረ። በአንድ ቋንቋ ጽሑፍ ውስጥ አብዝቶ የሚደጋገመው ቃል አንደኛ ቢባል፥ ሁለተኛው የእርሱን ግማሽ ያህል፥ ሦስተኛው ሢሶውን ያህል ጊዜ ይገኛል የሚል ሕግ ነው። ለአጎቱ ለቅርጫት የተገባው ነገር ለወንድሙ ልጅ የምርምር መነሻ ሆነ። የሰውየው ጠባይ ከዚህ ይታወቃል፤ ዕድሜውን ሙሉ የሚለቅመው ሌሎች የጣሉትን ነበረ።

በ1953 በፕሪንስተን በታላቁ ሊቅ በፎን ኖይማን ጥላ ሥር አንድ ዓመት ሠራ፤ በ1955 አልየት ካጋንን አገባ፤ ጥቂት ጊዜም በሊል ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1958 ለአንድ በጋ ብሎ ወደ አሜሪካ ወደ አይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ የምርምር ማእከል ሄደና 35 ዓመት ቆየ። አንድ የሒሳብ ሊቅ ዩኒቨርሲቲን ትቶ ማሽን በሚሸጥ ኩባንያ ውስጥ ተቀጣሪ መሆኑ በዚያን ጊዜ እንደ ውድቀት የሚቈጠር ነበረ። እኛ ግን በመሥሪያ ቤት ወንበር የምንውል ሰዎች ስለ ሆንን ይህን ውሳኔ ለመንቀፍ አንቸኩልም። ከመሥሪያ ቤቱ ያገኘው አንደኛ ደመወዝ፥ ሁለተኛ ኮምፒዩተር፥ ሦስተኛም የተግባር ሰዎች ጥያቄ ነው፤ የሦስተኛው ዋጋ ከሁሉ የሚበልጥ ሆነ።

የመጀመሪያው ጥያቄ የስልክ መሥመር ሁካታ ነበረ። ኮምፒዩተሮች በስልክ ሽቦ ሲነጋገሩ የሚላከው መልእክት በየመካከሉ ይበላሻል። መሐንዲሶቹ የሚላከውን ኃይል በመጨመር ሁካታውን ለማሸነፍ ይጥሩ ነበር። ማንዴልብሮት መዝገቡን ሲመረምር ስሕተቶቹ በሰዓቱ ውስጥ ተካክለው ያልተበተኑ፥ በመንጋ በመንጋ የሚመጡ ሆነው አገኛቸው። ስሕተት የበዛበትን አንድ ሰዓት ለያይቶ ሲያይ ውስጡ ምንም ስሕተት የሌለበት ሃያ ደቂቃ ይገኛል፤ ስሕተት ያለበትን ሃያ ደቂቃ ሲከፍል ደግሞ ንጹሕ የሆኑ ደቂቃዎች ይገኛሉ፤ የንጹሑና የቈሻሻው መጠንም በየደረጃው አንድ ዓይነት ነው። ጆርጅ ካንቶር የተባለው ጀርመናዊ በ1883 ከአንድ መሥመር መካከሉን ሢሶ እየቈረጡ፥ ከቀሩትም እንደገና መካከላቸውን እየቈረጡ ያለ ማቋረጥ ቢሄዱ የሚቀረውን የነጥብ ትቢያ በሐሳብ ፈጥሮ ነበር። ሊቃውንቱ ለጉድ የተፈጠረ እንጂ በምድር ላይ የማይገኝ ነገር አድርገው ይቈጥሩት ነበር፤ በስልክ ሽቦ ውስጥ ተገኘ። ማንዴልብሮትም ለመሐንዲሶቹ የሰጠው ምክር፥ ስሕተቱን በኃይል ማጥፋት ስለማይቻል እንደሚመጣ ዐውቃችሁ መልእክቱ የሚታረምበትን ዘዴ አብጁ የሚል ነበረ።

ሁለተኛው ጥያቄ የገበያ ዋጋ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ንግግር እንዲያደርግ ተጠርቶ ወደ ኢኮኖሚ መምህሩ ወደ ሃውትሃከር ቢሮ ሲገባ፥ እርሱ ራሱ ሊናገርበት የመጣው ሥዕል በሰሌዳው ላይ ተሥሎ ጠበቀው። የሰሌዳው ሥዕል ግን የጥጥ ዋጋ ነበረ እንጂ የእርሱ ስለ ገቢ ክፍፍል የሚናገረው ሥዕል አልነበረም። በ1963 ባሳተመው ጽሑፍ የጥጥ ዋጋ የሚለዋወጠው በትንንሽ እርምጃ ብቻ ሳይሆን፥ ያልታሰቡ ታላላቅ ዝላዮችም ሊቃውንቱ ከሚገምቱት እጅግ አብዝተው እንደሚገኙ አሳየ። ይህን የመርካቶ ነጋዴ ሳይማር ያውቀዋል፤ ሊቃውንቱን ለማሳመን ግን ብዙ ዓመት ወሰደ።

ከምርምሩ ሁሉ ለእኛ የሚቀርበው ሦስተኛው ነው። በ1906 ሃሮልድ ኤድዊን ሃርስት የሚባል እንግሊዛዊ የፊዚክስ ምሁር ወደ ግብፅ መጥቶ በመንግሥት አገልግሎት ተቀጠረ። ስድሳ ዓመት ያህል ዓባይን ሲለካና ሲመረምር ኖሮ በ1978 በዘጠና ስምንት ዓመቱ ሞተ። ጥያቄው የመንግሥት ሠራተኛ ጥያቄ ነበረ፤ በጥጋብ ዓመት የተረፈው ውሃ በረኃብ ዓመት እንዲበቃ የሚያከማች ግድብ ምን ያህል መተለቅ አለበት? በካይሮ በሮዳ ደሴት ላይ በሚገኘው የዓባይ መለኪያ የተመዘገበው የወንዙ ከፍታ ከ622 ዓ.ም. ጀምሮ ይገኛል። በዓለም ላይ የዚህን ያህል ረጅም የውሃ መዝገብ ያለው ወንዝ አይታወቅም። በዚህ መዝገብ ላይ የሰፈረውም በአብዛኛው የእኛ ክረምት ነው። ወደ አስዋን ከሚደርሰው ውሃ 85 በመቶ ገደማ ከኢትዮጵያ ደጋ በዓባይ፥ በተከዜና በባሮ በኩል የሚወርድ ስለ ሆነ፥ የሮዳው ጸሓፊ ሳያውቀው የጎጃምን፥ የወሎንና የወለጋን ዝናብ ሲመዘግብ ኖሯል ማለት ነው።

ያን ጊዜ የታወቀው የሒሳብ ትምህርት እንደሚለው፥ የእያንዳንዱ ዓመት ዝናብ ከሌላው ዓመት ጋር ግንኙነት የሌለው ከሆነ፥ ማለት አምላክ በየዓመቱ አዲስ ዕጣ የሚጥል ከሆነ፥ ግድቡ የሚያገለግልበት ዘመን አራት እጥፍ ሲሆን የግድቡ መጠን ሁለት እጥፍ ብቻ ቢሆን ይበቃል። ሃርስት የዓባይን መዝገብ ሲያሰላ ሁለት እጥፍ ሳይሆን ሁለት እጥፍ ከሦስት ሩብ ገደማ ሆኖ አገኘው። በሒሳብ አነጋገር፥ ግማሽ መሆን የሚገባው የኃይል ቁጥር 0.73 ያህል ሆነ። የዓባይ ብቻ እንዳይሆን ብሎ የሌሎችን ወንዞች፥ የዝናብን፥ የሐይቅ ደለልንና የዛፍ ግንድ ቀለበትን መዝገብ ቢፈትን ወደዚያው የሚጠጋ ቁጥር ወጣለት። ውጤቱን በ1951 አሳተመ፤ ምክንያቱን ግን የሚያስረዳ አልተገኘም።

ምክንያቱን በሒሳብ ቋንቋ የገለጠው ማንዴልብሮት ነው። በ1968 ከፋን ነስ ጋር፥ እንዲሁም ከዋሊስ ጋር ባሳተማቸው ጽሑፎች፥ ዓመታት እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁበት፥ ያለፈው ዘመን በሩቁ ዘመን ላይ ጥላውን የሚጥልበት አንድ የዕድል ሥርዓት አበጀ። ለሁለት ዓይነት አደጋም ሁለት ስም አወጣ። ድንገት የሚመጣውንና ከልክ ያለፈውን የኖኅ ጠባይ፥ ጥጋብ ከጥጋብ ጋር፥ ድርቅም ከድርቅ ጋር ተከታትሎ የሚመጣበትን የዮሴፍ ጠባይ አለው። ሰባቱ የሰቡ ላሞችና ሰባቱ የከሱ ላሞች ታሪክ በመጽሐፍ ቅዱስም በቁርዓንም የሚገኝ ስለ ሆነ፥ በጉራጌ አገር ለክርስቲያኑም ለእስላሙም ይህን ስም ማስረዳት አያስፈልግም። ፈርዖን ያየው ሕልም የዓባይ ሕልም መሆኑን ግን ልብ ማለት ይገባል፤ ላሞቹ የወጡት ከወንዙ ነውና።

ይህ ነገር ለምን ያስጨንቃል ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር፥ የሚያስጨንቀው አማካይ በሚባለው ቁጥር ላይ ስለምንታመን ነው እንላለን። የአንድ አገር ዝናብ በአማካይ ይህን ያህል ነው ተብሎ በወረቀት ላይ ሲሰፍር፥ ክፉው ዓመት ብቻውን መጥቶ ብቻውን የሚሄድ ይመስላል። የእህል መጠባበቂያውም፥ የውሃ ማጠራቀሚያውም ለአንድ ክፉ ዓመት ይሰናዳል። ዮሴፍ ግን ለሰባት ነበር ያሰናዳው። እንዲህ ያለውን ክምችት ሳያሰሉ የሠሩ ሰዎች በአቅራቢያችን አሉ። የጉራጌ ገበሬ የሚተክለው እንሰት ለመድረስ ብዙ ዓመት የሚፈጅ፥ ከደረሰም በኋላ በጓሮ ቆሞ የሚጠብቅ ተክል ነው፤ ቆጮውም በጉድጓድ ተቀብሮ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። በአንድ ክረምት ዝናብ የማይወሰን ጎተራ ማለት ይህ ነው። የጤፍና የስንዴ አገር ሰው የዚህ ዕድል የለውም።

ሃርስትና ሁለት ባልደረቦቹ በ1946 ባቀረቡት ታላቅ ዕቅድ፥ የመቶ ዓመት ክምችት ባሉት ሐሳብ፥ ውሃው በላይኛው ዓባይ ሐይቆች እንዲጠራቀም ሲያስቡ አንዱ ማከማቻ የእኛ ጣና ሐይቅ ነበረ። ግብፅ ከ1952 ለውጥ በኋላ ማከማቻውን በራሷ ወሰን ውስጥ ማድረግ መርጣ የአስዋንን ታላቅ ግድብ በ1970 አጠናቀቀች። ኢትዮጵያም በበኩሏ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዘውን የታላቁን የሕዳሴ ግድብ በመስከረም 2025 አስመርቃለች። ከወልቂጤ አጠገብ የሚያልፈው የዋቤ ውሃም በጊቤ በኩል ወርዶ በኦሞ ላይ በ2016 የተመረቀውን የጊቤ ሦስት ግድብ ይሞላል። በእነዚህ ግድቦች ላይ ለሚያዝ መሐንዲስ የሃርስት ቁጥር የታሪክ ጨዋታ አይደለም። እውነት ነው፥ የቁጥሩ ምክንያት የዓመታት ትዝታ ሳይሆን የአየር ጠባይ በየዘመኑ መለዋወጥ ሊሆን ይችላል ብለው በ1970ዎቹ የተከራከሩ ሊቃውንት አሉ፤ ክርክሩም አልተዘጋም። ምክንያቱ የትኛውም ቢሆን ግን ድርቅ በመንጋ መምጣቱን የሚክድ የለም።

የስልክ ሽቦው፥ የጥጡ ዋጋ፥ የባሕሩ ዳርቻና ወንዙ ለየብቻቸው ሲታዩ የማይዛመዱ ይመስሉ ነበር። ማንዴልብሮት በ1975 በፈረንሳይኛ ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ስም ሰጣቸው፤ ፍራክታል። ቃሉን የወሰደው ተሰባሪ የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል ነው። የፍራክታል ጠባይ ከምሳሌ ይረዳል። በ1904 ሄልገ ፎን ኮኽ የተባለ ስዊድናዊ እንዲህ ያለ መሥመር ነደፈ። ቀጥ ያለውን መሥመር ሦስት ቦታ ከፍለን መካከለኛውን ሢሶ አንሥተን በቦታው እንደ ጎጆ ክዳን ሁለት እኩል ዘንጎች እናቆማለን። አሁን አራት አጫጭር መሥመሮች አሉን፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ያንኑ እንደግማለን፤ እንዲሁም እያልን ማለቂያ የለንም። በየደረጃው ርዝመቱ በሢሶ ስለሚጨምር ከጥቂት እርምጃ በኋላ ልኩ ያጣል፤ መሥመሩ ግን ከአንዲት ወረቀት አይወጣም። እንዲህ ያለው ነገር መሥመር እንዳይባል እጅግ የተጣመመ፥ ስፋት እንዳይባል ውስጡ ባዶ ነው። ስለዚህ ዲሜንሽኑ ከአንድ ይበልጣል፥ ከሁለት ያንሳል፤ ሲሰላ 1.26 ያህል ይሆናል። የመሥመር ዲሜንሽን አንድ፥ የሜዳ ሁለት፥ የዕቃ ሦስት ነው ብሎ ለተማረ ሰው በመካከላቸው ክፍልፋይ መግባቱ እንግዳ ነው፤ ሐሳቡን ግን ፌሊክስ ሃውስዶርፍ የተባለ ጀርመናዊ በ1919 አስቀድሞ አቅርቦት ነበር። የብሪታንያ ምዕራብ ዳርቻ 1.25፥ የደቡብ አፍሪካ ዳርቻ 1.02፥ የእስፓኝና የፖርቱጋል ድንበር 1.14 ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ሸካራነት በቁጥር ተጻፈ ማለት ይህ ነው። ይህንኑ ከገበያ በሚገዛ አበባ ጎመን ላይ በዐይን ማየት ይቻላል፤ አንዲቱን ቅንጣት ቆርጠን ብናያት የሙሉው ጎመን መልክ አላት።

የማንዴልብሮትን ስም በዓለም ሁሉ ያሰማው ግን በ1980 የታየው ሥዕል ነው። ነገሩ በፈረንሳይ የተጀመረ ነበር። ጋስቶን ዡልያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት አፍንጫውን ያጣ ወታደር ሲሆን፥ ለብዙ ጊዜ በሐኪም ቤት እየተኛ የሠራውን ታላቅ ጥናት በ1918 አሳተመ፤ ፒየር ፋቱም በዚያው ጊዜ ተመሳሳይ ሥራ ሠርቶ ነበር። አጎቱ ለማንዴልብሮት ይህን ጥናት እንዲያነብ በ1945 ቢሰጠው ወጣቱ አልወደደውም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ኮምፒዩተር በእጁ ሲገባ ተመለሰበት። ሥራው በቃል ሲነገር ሕፃን ይገባዋል። ከዜሮ እንጀምራለን፤ ቁጥሩን በራሱ አባዝተን አንድ የተመረጠ ቁጥር እንደምርበታለን፤ የወጣውን እንደገና በራሱ አባዝተን ያንኑ እንደምራለን። የተመረጠው 1 ቢሆን 0፥ 1፥ 2፥ 5፥ 26 እያለ ወደ ማይደረስበት ይሸሻል። የተመረጠው ከዜሮ በታች 1 ቢሆን ግን 0 እና ከዜሮ በታች 1 እየተፈራረቁ በአንድ ስፍራ ይመላለሳሉ። በገበታ ላይ ካሉት ነጥቦች ሁሉ የማይሸሹትን ጥቁር ብንቀባ ምን ዓይነት ሥዕል ይወጣል? የወጣው እንደ ጥንዚዛ ያለ፥ በዙሪያው ትንንሽ ጥንዚዛዎች የተለጠፉበት፥ በእነርሱም ላይ ከእነርሱ ያነሱ የተለጠፉበት፥ ባጎሉት ቁጥር አዲስ ጌጥ የሚገለጥበት ቅርፅ ሆነ። አስቀድመው በ1978 ብሩክስና ማተልስኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የዚህን ሥዕል ሻካራ ንድፍ አውጥተው ነበርና፥ የመጀመሪያው ማነው የሚለው ክርክር እስካሁን ይነሣል። የማንዴልብሮት ስብስብ የሚለውን ስም የሰጡት ግን ዱአዲና ሃባርድ ናቸው፤ ስብስቡ ሳይቋረጥ የተያያዘ መሆኑንም በ1982 ያረጋገጡት እነርሱ ናቸው።

የተፈጥሮ ፍራክታል ጂኦሜትሪ የተባለው ዋና መጽሐፉ በ1982 ወጣ። ከሥዕሎቹ የተነሣ ሒሳብ የማያውቁ ሰዎች ሁሉ ገዙት። ይህም ሊቃውንቱን አላስደሰተም። በ1989 ስቲቨን ክራንትዝ የተባለ የሒሳብ መምህር ይህ አዲስ ጂኦሜትሪ የፈታው ችግር አልታየም ብሎ በአደባባይ ጽፎበታል። ማንዴልብሮትም ራሱን አብዝቶ የሚያመሰግን ሰው ነበረና ወዳጅ እንዳያበዛ ረድቶታል። በእኛ አስተያየት ነቀፋው ግማሽ እውነት አለው። ማንዴልብሮት ካረጋገጠው የጠየቀው፥ ከጠየቀውም ያሳየው ይበልጣል። ነገር ግን ዱአዲና ሃባርድ ማረጋገጫቸውን ሊሠሩ የቻሉት የሚያረጋግጡትን ነገር አስቀድሞ ያሳያቸው ስለ ነበረ ነው። ለዚህም ሥራው በ1993 የዎልፍ ሽልማት በፊዚክስ፥ በ2003 የጃፓን ሽልማት ተሰጠው።

በአገራችንም ስሙ ከፍራክታል ጋር የሚነሣ ጥበብ አለ። ሮን ኤግላሽ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በ1999 ስለ አፍሪካ ፍራክታሎች ባሳተመው መጽሐፍ በዛምቢያና በካሜሩን መንደሮች አሠራር፥ በጨርቅና በጠጉር አሠራር ላይ የትልቁ መልክ በትንሹ ሲደገም ያሳያል፤ ከምሳሌዎቹም መካከል የኢትዮጵያ የመጾር መስቀል ይገኛል። በመስቀሉ ክንፎች ጫፍ ትንንሽ መስቀሎች፥ በእነርሱም ጫፍ ሌሎች የሚወጡበት አሠራር በየቤተ ክርስቲያናችን የታወቀ ነው። አንጥረኛው ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ደግሞ ይበቃዋል፤ የሚደግመውም ለሃይማኖቱና ለጌጡ እንጂ የማንዴልብሮትን ሐተታ አስቦ አይደለምና ከዚህ ያለፈ ክብር ልንሰጠው መሞከር ለእርሱም አይጠቅመውም። ደግሞ አገር ያፈራው ሁሉ ፍራክታል እንዳይመስለን፥ የሰባት ቤት ጉራጌ ጀፎረ ምስክር ነው። በቤቶች ፊት የተዘረጋው ያ ሰፊና ቀጥ ያለ ለምለም ጎዳና ዩክሊድን የሚያስደስት እንጂ ማንዴልብሮትን የሚያስደንቅ አይደለም።

ማንዴልብሮት በ1987 ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ በመምህርነት ገባ። በ1999 በዚያው ዩኒቨርሲቲ ከሁሉ የሚበልጠው የስተርሊንግ ወንበር ሲሰጠው ዕድሜው 75 ዓመት ነበረ፤ ሌሎች ጡረታ ከወጡ ዐሥር ዓመት በሚያልፋቸው ጊዜ እርሱ የቋሚ መምህርነት ዋስትና አገኘ። በጥቅምት 14 ቀን 2010 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ በኬምብሪጅ ከተማ በ85 ዓመቱ ዐረፈ፤ የራሱን ሕይወት የጻፈበት መጽሐፍ በ2012 ታተመ። ሚትሱሂሮ ሺሺኩራ የተባለ ጃፓናዊ በ1991 እንዳረጋገጠው፥ በስሙ የሚጠራው ስብስብ ዳርቻ ከሸካራነቱ ብዛት የተነሣ ዲሜንሽኑ ሁለት ነው፤ ማለት መሥመር ሆኖ ሳለ እንደ ሜዳ ይቈጠራል። ስብስቡ የተያያዘ መሆኑ ቢረጋገጥም፥ በእያንዳንዱ ነጥብ አጠገብ ምን ያህል ቀርበን ብናይ በዚያው በትንሹ ስፍራም የተያያዘ ሆኖ ይገኝ እንደ ሆነ ዱአዲና ሃባርድ ያነሡት ጥያቄ መልስ አላገኘም። በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ስፍራ ሒሳብ የሚማር ወጣት ሊሞክረው ቢወድ፥ ጥያቄው እንደ ተከፈተ ነው።